ከአጥሩ ማዶ ለቆመው ወንድሜ

ውድ ወንድሜ፣

ዛሬም ሥራ ቦታ ልቤ አልረጋ አለኝ። ስክሪኑን አያለሁ፣ እነሳለሁ፣ በመስኮት ቁልቁል አያለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ልበላት?

ባለፈው ሳምንት የመጣኸው አንተ መሆንህን አውቃለሁ። ሕንፃችንን የሚጠብቀው ድሮን፣ ጥበቃዎቹ «ቆቁ» የሚሉት፣ ማንም ሳያዘው ራሱ ተነስቶ የሚዞር ነው። የማያውቀው ሰው አጥሩ ጋ ከቆመ ይጮህበታል፣ የምቆጣጠረው እኔ ስለሆንኩ እኔንም በስክሪኔ ይጠራኛል። ሲጠራኝ ቀና ብል አንተ ነህ! ከስተሃል። የአባባን አሮጌ ጃኬት ለብሰህ ወደ እኔ ፎቅ ታንጋጥጣለህ። «እባክዎ ከአካባቢው ይራቁ!» ሲልህ ደንግጠህ እግሬ አውጪኝ አልክ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ስደርስ የለህም።

ተናደድኩ። ወንድሜን እንደ ሌባ የሚያባርረው ማነው ብዬ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ ፎቶህን ከሠራተኞቹ ጋር «የታወቀ ሰው» ብዬ አስገባሁት። እፎይ አልኩ። ለካስ ቆቁ የሚያውቀውን ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው፤ አይጮህም፣ እኔንም አይጠራኝም፣ ምስሉንም አያስቀምጥም። ይህን እያወቅኩ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ፤ ትዝ ያለኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ከዚያ ወዲህ መጥተህ፣ ቆመህ፣ «አይታኝ ዝም አለች» ብለህ ተመልሰህ ይሆን? ይህ ሐሳብ ሊያሳብደኝ ነው።

አባባ «ከቤቴ ውጣ» ያለህን ቀን አያነሳትም። ስምህንም አይጠራም፣ ግትርነቱን ታውቀው የለ! ግን ገና ቤት ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ይጠይቀኛል።

«ያ ማሽንሽ ዛሬ ምን አየ?»

«ድመት» አልኩት ትናንት።

«ድመት ብቻ?»

«ድመት ብቻ፣ አባባ።»

«ደህና አድርገሽ እይ እንጂ!» ብሎ ተቆጣኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከአልጋ ከዋለ ሰነበተ። ሐኪሙ በረንዳ ላይ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «ሩቅ ያለ ልጅ ካለው አሁን ቢመጣ ጥሩ ነው» አለኝ። ልደብቅህ አልችልም። ናፍቀኸዋል። እኔንም እንደ ጉድ ናፍቀኸኛል።

አሁን ከቆቁ ላይ ሰርዤሃለሁ። እህትህ በገዛ እጇ ባዳ አድርጋሃለችና አትቀየመኝ። ይህን ደብዳቤ ጓደኛህ ጎማ ጠጋኙ ያደርስልኛል፤ የት እንዳለህ ባይነግረኝም፣ ማድረሱን ግን እምቢ አይለኝም። በጠራራ ፀሐይ ና። አጥሩ ጋ ቁም። የፈለገውን ያህል ይጩህብህ፣ አንድ እርምጃ እንዳትሸሽ፤ እኔን እየጠራልህ ነው።

ደረጃው እንዳያዘገያት ተረከዛም ጫማዋን አውልቃ የተቀመጠች
እህትህ