ከእጁ እሳት የሚወጣው ሰውዬ

ጥር 16 ቀን 1996 ዓ.ም፣ ፍኖተ ሰላም

ቡሬ የምታስተምረው ልጄ ስንዱ ትናንት መጥታ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ቤት ወሰደችኝ። ፊልሙ ላይ ከእጁ እሳት የሚወጣ ሰውዬ ከተማ ያቃጥላል። በልጅነቱ አባቱ በአለንጋ ሲገርፈው ሲያሳዩ ግን አንጀቴን በላው።

ስንመለስ «ምን ያድርግ፣ እንዲያ ሆኖ ነው ያደገ» አልኋት።

«አባባ፣ የሚከራከሩት ለእሱ ነው ወይስ ለራስዎ?» ብላ ሳቀች።

እናቷ ከሞተች በኋላ እሷን የገረፍሁበት አለንጋ አባቴ እኔን የገረፈበት ነው። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝም ሁልጊዜ የምጀምረው «አባቴ እንዲህ አሳድጎኝ» እያልሁ ነው።

«እኔም ተገርፌ ነው ያደግሁ። ስልሳ ተማሪ አለኝ፤ አንዱንም በአርጩሜ ነክቼ አላውቅም» አለች። ድምጿ ውስጥ ቂም የለም።

ይህችን የመሰለች ልጅ ከእኔ ቤት መውጣቷ ይደንቀኛል። አሳደግኋት ብዬ እንዳልኮራ አለንጋው አለ። የሰውዬው አስተዳደግ ያሳዝናል፤ እሳቱ ግን ከገዛ እጁ ነው የወጣ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የአባቴን ስም ሳላነሳ ተናዘዝሁ። እንዲህ ያለ አጭር ኑዛዜ ተናዝዤ አላውቅም። ከዚያ መናኸሪያ ሸኘኋት። ይቅር በይኝ ልላት አስቤ፣ «መስኮቱን ዝጊው፣ አቧራ ነው» አልኋት።