ላንቺ ያልተጻፈው ማስታወቂያ

ልደታ ኮንዶሚኒየም
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእድላዊት፣

እንዴት ነሽ ብዬ ለመጠየቅ አፌን ያዘኝ። እናትሽን ቀብረን እኛ ደህና ነን ማለትም አያምርብኝም። ከብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ወጥተሽ የሁላችንንም ስልክ ስለዘጋሽብን፣ ይህን ወረቀት ወደ ቤሩት ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ለሚደቅሳ እህት ሰጠኋት።

ልጄ፣ በዚህ መንገድ እንድትሰሚው ማንም አልፈለገም። እናትሽ ዕፀገነት ያረፈች ለት፣ ቤሩት ያሉ ጓደኞችሽ በማግስቱ ማልደው ቤትሽ ሄደው፣ ይዘውሽ ተቀምጠው እንዲያረዱሽ ተነጋግረን ነበር። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳንል ተማማልን። ጀይላን ደግሞ ከሱቁ ሆኖ "የወይዘሮ ዕፀገነት ቀብር ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ልደታ ማርያም" ብሎ ግሩፑ ላይ ለጠፈ። አንቺም እዚያ ውስጥ እንዳለሽ አንዳችንም አላስታወስንም። ለጎረቤት የተጻፈው ማስታወቂያ መርዶሽ ሆነ።

"ሰው አይደላችሁም! የእናቴን ሞት በማስታወቂያ ነገራችሁኝ!" ብለሽ ስትጽፊ ገረሱ "ከአራተኛ ፎቅ ተሸክመን ላወረድናት ምስጋናው ይሄ ነው?" አለሽ። ሌላዋ ጎረቤት "ውጭ ተቀምጦ መሳደብ ቀላል ነው" አለች። ከዚያማ ሁሉም ተከተለ።

ገረሱ አልዋሸም። የታመመች ለት አዝሎ ያወረዳት እሱ ነው። አንቺም አልዋሸሽም። እዚህ ሆነሽ፣ ደረትሽን እየመታሽ ያንኑ ቃል ብትናገሪ ኖሮ ቀድሞ የሚያቅፍሽ ገረሱ ነበር። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ምን ቢናገር ማን ይመልስለታል? እኛ ግን ለቅሶሽን ስልክ ላይ ስናነበው ስድብ መሰለን። ግቢው መሃል ቆሜ "ከምታለቅስ ልጅ ጋር እሰጥ አገባ ትገጥማላችሁ? አታፍሩም?" ብዬ ጮህኩባቸው። ገረሱ አንገቱን ደፍቶ "ድምፅዋ አልተሰማኝም እኮ፣ እትዬ" አለኝ። የጻፈውን አጠፋው፤ አንቺ ግን ሄደሻል። ጀይላንማ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ቀና ብሎ አያየኝም። ዓይኑ ቀልቷል።

ይቅር በያቸው አልልሽም። እንባሽ ሳይወጣልሽ ይቅርታ መለመን ሌላ ግፍ ነው።

የእናትሽ ስልክ እኔ ጋ ነው። እንዳይዘጋ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ያን ቀን ደጋግመሽ ስትደውዪ "እድልዬ" የሚለው ስምሽ ሲበራ፣ በእጄ ይዤ አየሁት እንጂ አላነሳሁትም። "እማዬ" ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።

ለአርባዋ ሁላችንም ግቢው ውስጥ እንሰበሰባለን። በእሷ ስልክ ደውዪ። ስልኩን እሷ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ከፍተን እናስቀምጠዋለን። ያሻሽን በዪን፣ ስደቢን፣ ጩኺ። ማንም አንዲት ቃል አይመልስልሽም፤ አብረንሽ እናለቅሳለን እንጂ።

እንባሽን ልደታ ታብስልሽ። በሰው አገር ብቻሽን አታስቀርሽ።

የፊት ለፊት በር ጎረቤትሽ፣
እትዬ ሰብለወንጌል

እድልዬ፣ "እማዬ" ብትዪኝም አነሳዋለሁ።