ለተዝካሬ ሰንጋ አይጣል

እኔ ፍሰሐ በሱፍቃድ፣ የሥጋ ፋብሪካ አራጅና የሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኜ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ዛሬ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ልደታ በሚገኘው ኮንዶሚኒየም ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የደከመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ ደህና ነው። ያስገደደኝም የለም፤ አለቆቼም አልቻሉኝ።

ይህ ቤት የልጄ የናዝሬት ይሁን። ከታመምኩ ወዲህ ያጠበችኝ፣ ስነጫነጭባት የሳቀችልኝ እርሷ ናት። ወንድሟ ጋሻው ሥጋ ቤቱን ሲከፍት ድርሻውን ስለወሰደ አይከፋውም።

ቢላዎቼና ሞረዴ የጋሻው ናቸው። ልጄ፣ እጅህ ከእኔ እጅ ይበልጣል፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። ሠራተኞችህ ዕረፍት ሲጠይቁህ ግን ፊትህን አታጥቁርባቸው፤ የማን ልጅ እንደሆንክ ያውቃሉ።

ጋሻው ለተዝካሬ ሰንጋ ሊጥል ማሰቡን ሰምቻለሁ። እንዳያደርገው። በፋብሪካችን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ማረጃ ለየብቻ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ሥራ ያቆምን ጊዜ አሠሪዎቻችን ለየብቻ በልተን ለየብቻ እንድንደራደር ለየወገናችን ሥጋ ላኩልን። የሙስሊሙን ወገን ይመራ የነበረው አብዱልሃኪም የእነርሱን መለሰ፤ እኔም የእኛን መለስኩ። እርሱም ከቤቱ ሽሮ በትሪ አስመጣና የመጀመሪያውን ጉርሻ እኔን አጎረሰኝ። ማኅበር የሆንነው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ በቤቴ ድግስ ሁሉ አብዱልሃኪም የሙስሊም ምግብ ወደተዘጋጀበት ክፍል ሲገባ እያየሁ ኖርኩ። ለክብሩ ነው፤ እኔን ግን ያመኝ ነበር። ስለዚህ በተዝካሬ ቀን ሽሮና ምስር ይሠራ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይቀመጥ። የአራጅ ተዝካር ያለ ሥጋ ብሎ የሚያማ ይማ።

አብዱልሃኪም ይህን ሲሰማ «ተው ፍሰሐ፣ እኔ ቤቴ በልቼ እመጣለሁ፤ ልጁን አታስቸግረው» ብሎኛል። አይሆንም፤ እንዳልኩት ይጻፍ።

ምስክሬ ስለሆነ ከንብረቴ አይደርሰውም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። የምተውለት አንድ ጉርሻ ነው፤ ብድሩን ሳልመልስ ቆየሁ። ጋሻው፣ ከሁሉ አስቀድመህ በእኔ ፋንታ አጉርሰው።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ ያልኩት እርሱ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።
ፍሰሐ በሱፍቃድ (ፊርማ)

ሲናገር የሰማን፣ ሲነበብም አብረን የነበርን ምስክሮች፦
አብዱልሃኪም ሸምሱ (ፊርማ)
ሀብተሥላሴ ይርዳው፣ የዕድሩ ዳኛ (ፊርማ)
ሚስራ ከድር፣ ጎረቤት (ፊርማ)
አምሳሉ ወርዶፋ፣ ጎረቤት (ፊርማ)

ምስክር ባልሆንም ልፈርም ብዬ የፈረምኩ፦ ጋሻው ፍሰሐ። እሺ አባዬ፣ አጎርሳቸዋለሁ።