ግርማ ሊገዛው ያሰበው ጀልባ

እሑድ፣ ጥር 17 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ መካኒሳ

ጠዋት ከብስራተ ገብርኤል ስንወጣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ፀዳለ በሩ ላይ አቅፈው ሳሙኝና "ስለ ጀልባው እንኳን ደስ ያላችሁ። ለልጄ ሰርግ እላዩ ላይ ፎቶ ልንነሳ ነው፣ እንዳትረሱን" አሉኝ። የምን ጀልባ? ባሌ ግርማ በባንክ ብድር የመዝናኛ ጀልባ ገዝተን ደብረ ዘይት ሐይቅ ላይ እናሠራ ካለኝ ገና ሳምንቱ ነው። እኔ እሺ አላልኩም። እሱ ግን ለዕድርተኛው ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። መያዣው ቤታችን ስለሆነ ያለእኔ ፊርማ ብድሩ አይፈቀድም። አሁን እምቢ ብል ሰፈሩ በሙሉ የሚፈርደው በእኔ ላይ ነው።

ከሰዓት "እስቲ መጀመሪያ እዪው" ብሎ ደብረ ዘይት ወሰደኝ። ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ "ግቡ" ሲለን ግርማ ጫማ ጫማውን እያየ "አንቺ ሂጂ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ" አለ። ለካ ውሃ ይፈራል። ጀልባ ልግዛ ብሎ ቤቴን የሚያስይዝ ሰው ውሃ ይፈራል።

በንዴት ብቻዬን ገባሁ። ሐይቁን ዞረን ስንመለስ ዳር ላይ ቆሞ "እንዴት ነው?" አለኝ። "ወንበሩ ይቆረቁራል" አልኩት።

ነገ ጠዋት ባንክ እንሂድ እያለ ነው። በጣም ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። ሻጩ ወደ ዳር ሊመልሰኝ ሲያዞር "እስቲ አንድ ዙር ጨምርልኝ" ያልኩት እኔ ነኝ።