ዳማው መድኃኒቱን ውጧል

ውድ ወንድሜ ጋሼ ዳምዲን፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ከቀለም ፋብሪካው ሽታ የተነሳ ይዞህ የነበረው ራስ ምታት ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ሶሎንጎስ ወገቧን ተሻላት? ትንሿ ልጃችሁ ኑሚን የኮሪያን ቋንቋ ከእናንተ አስበልጣ ትናገራለች ሲሉ ሰማሁ፤ የእኛንም እንዳታስረሷት አደራ። እኛ ደህና ነን። እናታችን ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን ያማታል እንጂ ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ትስቃለች። በጎቹ ሰብተዋል፤ ሣሩ ግን ከአሁኑ መድረቅ ጀምሯል።

ይህን በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ኮረብታው ላይ ወጥቼ ስደውልልህ ገና «ጋሼ» ብዬ ሳልጨርስ ቃሌን ከአፌ ትነጥቀኛለህ። ወረቀት ግን ቢያናድድህም ዝም ብለህ ታነበዋለህ። እንግዲህ ስማኝ፤ ዳማውን ፈረስ አልሸጥኩትም። እናታችን አንተ ዘንድ ብትመጣም፣ እኔ እንዳልከኝ ወደ ከተማ አልወርድም።

የአባታችን ፈረስ ከሐምሌ ወዲህ እየከሳ መሄዱን ነግሬህ ነበር። ጠጉሩ ተንጨፍርሮ፣ ጎድኑ ወጥቶ፣ ጭራውን ከእንጨት ጋር ሲያሻሽ ይውል ነበር። የወረዳችን የእንስሳት ሐኪም ኡልዚ መጥታ አየችውና ሆዱን ትል ሞልቶታል አለችኝ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ የተሞላ፣ እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ፣ በአፉ የሚሰጥ መድኃኒት ሁለት ሰጠችኝ። «አንዱ ይበቃዋል። ሁለተኛው ምናልባት ቢተፋብሽ ነው። ሌላ ግን የለኝም፤ በረዶው ሳይጥልም አልመለስም» አለችኝ። ከፊት ጥርሱና ከመንጋጋው መሀል ጥርስ የሌለበት ክፍት ቦታ እንዳለ፣ በዚያ በኩል አስገብቼ ምላሱ ላይ ወደ ኋላ መግፋት እንዳለብኝም በጣቷ አሳየችኝ። ሲያዩት ቀላል ነው።

አጎታችን ጎምቦ ላግዝሽ ብሎ መጣና የዳማውን ጆሮ ጠምዝዞ ያዘ። ፈረሱን ታውቀዋለህ፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ የሰው እጅ ፊቱ አካባቢ ሲመጣ አይወድም። አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ጥርሱን ግጥም አደረገ። ስሪንጁን በከንፈሩ ጥግ ሳስገባ በኋላ እግሩ ቆመና እኔንም አንጠልጥሎ አነሳኝ። አውራ ጣቴን ነከሰኝ፤ ጥፍሬ እስካሁን ጠቁሮ አለ። መድኃኒቱ ፊቴና ካባዬ ላይ ተረጨ፣ አፌም ውስጥ ገባ። እንዴት ይመራል መሰለህ! ጎምቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «መድኃኒቱንማ አንቺ ዋጥሽው! ከእንግዲህ ትል የሚባል አይነካሽም» አለኝ።

ሳቁን ሲጨርስ በገመድ ጠልፈን እንጣለውና የቀረውን በውሃ በጥብጠን በጠርሙስ እንጋተው አለ። አይሆንም አልኩት። ተጥሎ ሲጋቱት መድኃኒቱ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል ኡልዚ አስጠንቅቃኛለች። «እንግዲያው ዳምዲን እንዳለው ለሥጋ ይሸጣላ» አለኝ ጎምቦ። በማግስቱ የሥጋ ነጋዴው መኪና ከነ አቧራው ከች አለ። አንተ ደውለህ እንደላክኸው ያወቅሁት ያኔ ነው። ከእኔ ጋር እንኳ ሳትማከር!

ፈረሱ ከታሰረበት ምሰሶ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ነጋዴው ለስለስ ብሎ «እህቴ፣ ባለቤቱ ወንድምሽ ነው ተብያለሁ» አለኝ።

«ባለቤቱ ከሆነ ይምጣና ራሱ ልጓም ያግባለት!» አልኩት።

ሰውየው እኔን በጎን አልፎ ማሰሪያውን ሊይዝ እጁን ቢሰድ፣ ዳማው ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኝቶ ጥርሱን አሳየው። ነጋዴው ዘሎ አፈገፈገና «ኧረ የዚህስ ሥጋውም ሳይናከስ አይቀርም!» ብሎ እየሳቀ ወደ መኪናው ገባ። ጎምቦ ግን አልሳቀም። «የበረዶው ክረምት መጥቶ ሲሞትብሽ ሬሳውን ብቻሽን ትጎትቻለሽ» አለኝ። «እጎትታለሁ» አልኩት። እናታችን ከድንኳኑ ደጃፍ ቆማ ሁሉንም ሰማችና ተመልሳ ገባች። ከአንተ ጋር ትሁን ከእኔ ጋር ማወቅ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ገመድም ጆሮ መጠምዘዝም ተውኩ። ባዶውን ስሪንጅ አጥቤ በስልባቦትና በስኳር ለቀለቅሁት። በመጀመሪያ እጄን ጉንጩ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነበር ሥራዬ። ራሱን ሲሰቅል እጄ አብሮት ይወጣል፤ ሲረጋልኝ ቶሎ አነሳለታለሁ። ቀጥሎ ጣቴን በከንፈሩ ጥግ አስገባሁ። ቀጥሎ ስሪንጁን። ተፋው፣ ረገጠው፣ ካባዬን ቀደደው። አንድ ጠዋት ግን ከንፈሩን ላሰና «ሌላ የለሽም?» እንደሚል ሰው እጄን ይፈልግ ጀመር። ጎምቦ በዚያ ባለፈ ቁጥር «ሃንዳ፣ ዛሬስ ጡጦውን ጠባልሽ?» ይለኛል። «ጠብቶ ጨርሷል፤ ለአንተም ልሙላልህ?» እለዋለሁ።

የቀረችውን መድኃኒት የሰጠሁት ነፋስ በበረታበት ቀን ነው። አፉ ውስጥ የቀረ ሣር እንዳይኖር አጠብኩለትና ስሪንጁን ከላይ ስልባቦት ቀባሁት። አስገብቼ ገፋሁት። ምሬቱ ሲደርሰው ዓይኑ ፈጠጠ፤ ራሱን ነጠቀኝ። አንገቱን አቅፌ አብሬው ተጎተትኩ እንጂ አልለቀቅሁትም። ምላሱን ሲያላምጥ አረፋ በከንፈሩ ወጣ፤ አለቀልኝ አልኩ። ጉሮሮውን እየደባበስኩ «ትፋው እስቲ! ትፋውና እንተያያለን! ከመኪና ያዳንኩህ በእኔ ላይ እንድትተፋ ነው?» እያልኩ ጮህኩበት። ያኔ ጉሮሮው ከመዳፌ ሥር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ዋጠው ጋሼ! አፉን ከፍቼ አየሁ፤ ምንም የለም። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሱ ደግሞ የቀረውን ስልባቦት ከእጅጌዬ ይልስ ነበር።

ትሉ ከፋንድያው ጋር ወጣ። አሁን ይግጣል፤ ጠጉሩም መተኛት ጀምሯል። ጎምቦ ዕድል ነው ይላል። ይበል። አሁንም ከሲታ ስለሆነ ክረምቱን ስለመዝለቁ አልምልልህም። ቢሞትም ግን እዚህ፣ በሚያውቀው ሜዳ ላይ፣ ከእጄ ይሙት እንጂ መኪና ላይ ተጭኖ አይሄድም። አንዲት ሴት ብቻዋን ክረምት አትወጣም ብለኸኛል። ባለፈው ክረምት በጎቹን ከበረዶ ቆፍሮ ያወጣ ማን መሰለህ? አንተ በመሄድህ አልነቀፍኩህም፤ እኔንም በመቅረቴ አትንቀፈኝ። ሁለተኛም ነጋዴ አትላክብኝ። ብትልክ መልሼ እሰድልሃለሁ።

ሶሎንጎን እቅፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። የኑሚንን ሁለት ጉንጮች ሳምልኝ፤ ስትመጣ ዳማው ላይ አወጣታለሁ። አብረውህ ለሚሠሩት ያገራችን ልጆችም ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ይህን ስጽፍ እናታችንን «አንቺስ ምን ልበልልሽ?» አልኳት። አንተ ዘንድ ለመምጣት ያሰረችውን ሻንጣ ትናንት ፈትታዋለች። ዛሬ ደግሞ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ፈረስ ላይ ወጥታ የማታውቀው ሴት ዳማው ላይ ወጥታ በልጓሙ ራሷ እየመራች እስከ ወንዙ ደርሳ መጣች። «ክረምቱን ወደምናሳልፍበት ሰፈር የምጓዘው በዚህ ፈረስ ነው በይው» ብላሃለች።

እህትህ ሃንዳ
ኦኖን ወንዝ ዳር፣ ኸንቲ
መስከረም 23