ሠርግ ያቆየው ቆዳ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ የሚሰማው ቀጭ ቀጭታ ተወሽ ወይ? ዓይንሽስ ክር ከመርፌ ያገናኝልሻል? እህቴ፣ ባሏ፣ ሕፃኗ፣ ያቺ ያጎረሳትን እጅ የምትቧጭረው ድመት እንኳ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የሚያመኝ የለም።

እማዬ፣ ባለፈው ደብዳቤሽ "ልብስ ሰፊው እንጋባ ብሎኛል፤ አንተ ካልወደድከው ይቀራል" ብለሽ ጠይቀሽኝ ሦስት ወር ዝም አልኩሽ። ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ቀርቶ አይደለም፤ አኩርፌ ነው። ልዋሽሽ አልፈልግም። በአባዬ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ በሐሳቤ አየሁና እጄ ብዕር አላነሳ አለኝ። ዛሬ መልሴን ይዤ መጥቻለሁ፤ ግን መጀመሪያ የገጠመኝን ጉድ ስሚ።

እንደምታውቂው የምሠራው ከበሮ በሚጠገንበት ቤት ነው። አለቃዬን ሠፈሩ ሁሉ "ጋሽ ቀስበል" ይላቸዋል፤ ይህ ቃል ከአፋቸው ጠፍቶ አያውቅም። ቆዳ እንደ ሰው ነው ይላሉ፤ ሲበርደው ይለግማል፣ ሲሞቀው ይቆጣል፣ ቅባት ሲበዛበት ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ ከፀሐይና ከምድጃ አርቀን፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርገን፣ ጠርዙን ብቻ በጣት ጫፍ ቅባት አስነክተን እናኖረዋለን።

ከሦስት ሳምንት በፊት እትዬ ነጎድጓድ የሚሏቸው ሴትዮ ከበሯቸውን ታቅፈው ገቡ። አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ሠርግ ከበሮ ሲመቱ የኖሩ ናቸው። ቆዳው ከጠርዙ ተቀዶ፣ ሲመቱት እንደ እርጥብ ካርቶን ጷ ይላል። "ለመጪው እሑድ ሠርግ አድርሱልኝ" አሉ። ጋሽ ቀስበል የማን ሠርግ እንደሆነ ቢጠይቋቸው "የራሴ!" አይሉ መሰለሽ! ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኗል፤ አሁን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ሊያገቡ ነው። "በሰው ሠርግ ሲያገሣ የኖረ ከበሮ በእኔ ቀን ዲዳ ከሆነ አላገባም" ብለው ማሉ። እኔ በሆዴ "በዚህ ዕድሜ?" አልኩ። አንቺን እያሰብኩ ነበር፤ ይቅር በይኝ።

ጋሽ ቀስበል ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት ሄዱና ሥራው በእኔ እጅ ወደቀ። የቀድሞው ቆዳ አርጅቶ ስፌት ስለማይችል አዲስ የፍየል ቆዳ ዘፈዘፍኩ፣ በከበሮው አፍ ላይ ዘርግቼ በጠፍር ወጠርኩ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እርጥብ ቆዳ ለቀቅ ተደርጎ ነው የሚታሰረው፤ ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰባል። እኔ ግን ቀኑ ደረሰብኝ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ሳብኩት። በጣቴ ስነካው ጥሩ ስለጮኸልኝ ኮራሁና እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት፣ ዓይኔ እያየ፣ ጧ! ከመሃል ለሁለት ተሰነጠቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት እኔን ነው። በቤቱ የቀረው ቆዳ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በጥላ ለመድረቅ ሳምንት ይፈልጋል። ሠርጉ ደግሞ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ለእትዬ ነጎድጓድ ልነግራቸው ስሄድ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ሳቁ! "ልጄ፣ ሃያ ዓመት የጠበቅኩ ሴት ቆዳ አንድ ሳምንት ቢጨምርብኝ ምን እሆናለሁ? ይልቅ ለሹፌሩ አንተ ንገርልኝ" አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የገዛ ልጃቸው ሊያገቡ ነው ብሎ ካኮረፋቸው ወራት እንዳለፉ ነገሩኝ። "ራበኝ ስለው ያበላኛል፤ ብቸኛ ነኝ ስለው ግን አፈረብኝ" አሉ። እማዬ፣ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ሠርጉ በሳምንት ተገፋ። ሹፌሩ በየጠዋቱ አንገታቸውን በመስኮት እያስገቡ "ደረቀ?" ይሉኛል። አንድ ቀን የፀጉር ማድረቂያ ኮታቸው ውስጥ ሸሽገው መጡ፤ ከእጃቸው ነጥቄ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። እንዲህ እየቸኮሉ አውቶቡሱን በየፌርማታው እንዴት ሲያቆሙ ኖሩ ብላቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በስድስተኛው ቀን ጋሽ ቀስበል ተመለሱ። የተሰነጠቀውንም ሳልደብቅ አሳየኋቸው። አዲሱን በጣታቸው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ "አፍ ፈታ" አሉ። ከእሳቸው ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ አበባቸውን ለሙሽራው አስታቀፉና ከበሮውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። አንዴ ሲመቱት አዳራሹ ተነሣ! ያ ያኮረፈው ልጅ በር ላይ ቆሞ ነበር። እናቱ እየመቱ፣ ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ ተጠጉት። መጀመሪያ እግሩ ከዳው፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ ከዚያማ መሃል ገብቶ ሁላችንንም በለጠን። እያለቀሰ ነበር የሚጨፍረው። እኔም አንቺ እንደሳቸው ስትስቂ ያየሁበትን ቀን በሐሳቤ ፈለግሁ። አባዬ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን አጣሁ።

እማዬ፣ እሺ በይው። ወንበሩን ባዶ ማስቀመጣችን አባዬን አልመለሰልንም። ሦስት ወር ስላስጨነቅኩሽ ማሪኝ። ቀኑን ቁረጡ፤ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ።

እህቴን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ባሏን፣ ማንኮራፋቱን ቀነስ ያድርግ በይልኝ። ሕፃኗን አንገቷ ሥር ሳሚልኝ። ድመቷን ከሩቅ ሰላም በያት። ልብስ ሰፊውን ግን እጃቸውን ይዘሽ ሰላም በይልኝ፤ የትከሻዬን፣ የደረቴንና የእጄን ልክ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌያለሁ። ለሠርጋችሁ የምለብሰውን ሱፍ፣ አባት ለልጁ እንደሚሰፋ አድርገው ይስፉልኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ
ከከበሮ መጠገኛው ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን