ሞተሪኖ ስለሌላት መኪናና ስለ ቅሬያችን ማኅተም

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታዬ ከሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ዳር ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ቀጠሮዎ የረዘመ ይሁን። ስምዎንና የቢሮዎን አድራሻ ያልጻፍኩት በአክብሮት ነው፤ የሚያውቁዎ ያውቁዎታል፣ የማያውቁዎም መኪና የገዙ ዕለት ይተዋወቁዎታል።

ነጅዋ ባድሩ እባላለሁ፤ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ካላስታወሱኝ፣ ሃይብሪድ መኪናዋን ራሷ የምትጠግነው ሴትዮ ነኝ። ጥገና ስል ትልቅ ነገር አይምሰልዎ። በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ እቀይራለሁ፤ ከኋላ ወንበር ጎን ያለችውን የትልቁን ባትሪ የአየር ማጣሪያ አውጥቼ አቧራዋን አራግፋለሁ፤ የፍሬን ሸራ አያለሁ። ብርቱካናማውን ሽቦ ግን አልነካም፤ እሱ ይገድላል። ደሴ የወሰድኳት ጊዜ ባለሙያው ያንን ሽቦ አይቶ ኮፈኑን መልሶ ዘጋውና አዲስ አበባ ውሰጃት አለኝ፤ ያን ሰሞን ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ወደ አዲስ አበባ የሚሸሽ ሰው እንጂ የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረም። እንግዲህ የመኪናዋን የጥገና መጽሐፍ ገልጬ ራሴ ጀመርኩ።

በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ትንሿን ባትሪ ፈትቼ ጭድ ውስጥ ቀበርኳት። ያለ እሷ ሃይብሪድ ማለት ብረት ነው፤ ታጣቂዎች ሦስት ጊዜ መጥተው ሊጎትቷት ሞከሩ፣ ጎማዋ አልዞር ሲላቸው ተሳድበው ሄዱ። የአካባቢያችን አምቡላንስ ግን እንደ ወጣ ቀረ። ያኔ ቅሬያችን ተሰበሰበ። ቅሬ እንደሚያውቁት ክርስቲያን ነው እስላም ነው ሳይል የሞተን የሚቀብር፣ የታመመን በቃሬዛ የሚሸከም ማኅበር ነው። የቅሬው ዳኛ አቶ ውበቱ ተነሥተው «ከዛሬ ጀምሮ የነጅዋ መኪና ቃሬዛችን ናት፤ ቃሬዛን ደግሞ ሁሉም በተራው ይጠግናል» ብለው ደነገጉ። ከዚያ ወዲህ ዘይት በምቀይርበት ቀን ባለ ተራው ክሪክ ይይዛል፣ የተሠራውም በቅሬው መዝገብ ተጽፎ ማኅተም ያርፍበታል። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ወላዶችን ሆስፒታል አድርሳለች፤ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቆመችም።

እስከ እርስዎ ግቢ ድረስ ማለቴ ነው። የማመሰግንዎ ነገር ብዙ ስለሆነ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ፦ ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ ሳቀርባት መርማሪዎ ኮፈኑ ላይ ጆሯቸውን አሳርፈው ካዳመጡ በኋላ «ሞተሩ አይነሣም» ብለው ጻፉ። መኪናዋ ተነሥታ ነበር፤ ቆማ ሳለች በባትሪ ስለምትሠራ ድምፅ የላትም። ከዚያ በቅጹ ተራ «ሞተሪኖ የለም፣ ዲናሞ የለም፣ ቺንጋ የለም» የሚል ተሞላ። እውነት ነው፤ የሞተር ማስነሻውንም፣ ባትሪ መሙያውንም፣ እሱን የሚያዞረውን ቀበቶም ሲሠሯት አላደረጉላትም፣ አያስፈልጓትም። መጽሐፉን ባሳይ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ለቢሮው የሥራ ቋንቋ እንደማይሆን ተነገረኝ፤ ይልቁንም ዕቃዎቹ በጦርነቱ የተዘረፉ ስለመሆናቸው የፖሊስ ማስረጃ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ኖረው ስለማያውቁ ዕቃዎች ሌባ እንድፈልግ ያሰማራኝ መንግሥታዊ አካል እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት፤ ለዚህ እምነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

2ኛ፦ የታወቀ ጋራዥ ማኅተም አምጪ ተባልኩ። ሄድኩ። ባለጋራዡ ኮፈኑን ሳይከፍት፣ እንዲያውም ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ። እኔ ሞኟ «ሳትሠራው እንዴት ትፈርማለህ» ብዬ ተመለስኩና የቅሬውን መዝገብ ይዤልዎ መጣሁ፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የሠራው ሰው ስም ሁሉ ያለበትን። እርስዎም በፊርማዎ የወጣ ደብዳቤ ሰጡኝ፦ «የቀብር ማኅበር ማኅተም ከቀብር በቀር ለሌላ ጉዳይ አያገለግልም።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን እስካሁን ይዤዋለሁ።

3ኛ፦ መኪናዋን ከግቢዎ እንዳትወጣ አግደው ሰሌዳዋን በካቻቢቴ አስፈቱ። በጽሕፈት ቤትዎ ሲሠራ ያየሁት ብቸኛው መሣሪያ ይኸው ነው፣ ጥሩም ሠርቷል። «በሪፎርም ላይ ነን፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚለው ትልቁ ጨርቅ ጥላ ስለሚጥልባት ፀሐይ አይመታትም፤ ውለታዎ አይረሳኝም። ከጦርነቱ ያተረፍኳትን መኪና ከሰላሙ ማትረፍ ያቃተኝ የእኔ ድክመት ነው።

አራተኛውን ቁጥር ለመስጠት እጄ እምቢ ስላለኝ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

ጸዳለ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ነበረች፤ የዝናው ሚስት፣ የቅሬያችን አባል። ከመውለዷ ሳምንት በፊት ገበያ አግኝታኝ መኪናዬ እንደተያዘች ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «አይዞሽ፣ እስከዚያ አስወጣታለሁ» አልኳት። ማክሰኞ ጠዋት ምጥ ጀመራት። በርዎ ላይ ቆሜ ለአንድ ቀን ብቻ እንዲለቋት ብለምንም እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባው ስለ ፈጣን አገልግሎት እንደነበር ጥበቃው ነግሮኛል። ስምንት ወንዶች በእንጨቱ ቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። ልጇ መንገድ ላይ ተወለደች፣ በሕይወት አለች። ጸዳለ ግን ደሙ አልቆም ብሏት አስፋልቱ ጋ ሳትደርስ አለፈች።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ከእርስዎ ይልቅ ራሴን ነው የምረግመው። ያን ባዶ ማኅተም ተቀብዬ ቢሆን መኪናዬ በሬ ላይ በቆመች ነበር። ለእውነተኛ መዝገብ ስከራከር ሰው አስገደልኩ እያልኩ አድራለሁ። እርስዎ እንዴት እንደሚያድሩ አላውቅም፤ በደህና ያሳድርዎ።

አቶ ውበቱ በቅሬው መዝገብ ላይ፣ የሚቀጥለው ዘይት ቅየራ ሊጻፍበት በነበረው መስመር፣ የጸዳለን ስምና የተቀበረችበትን ቀን ጽፈው ማኅተሙን አሳርፈውበታል። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ማኅተሙ አሁን በትእዛዝዎ መሠረት ለተገቢው ጉዳይ ስለዋለ እንደማይመልሱብን እተማመናለሁ።

ቺንጋ የሌላት መኪና ባለቤት፣ የማስረጃ ዕዳ ያለብኝ፣ ትዕግሥቴን በጨርቅ ላይ ያመሰገኑልኝ አክባሪዎ፣

ነጅዋ ባድሩ
ሐይቅ፣ 2015 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አላህ ያርቀውና ከቤትዎ ሰው ቢታመም ከመላክ አይፈሩ፤ ቅሬያችን አባል ያልሆነንም ይሸከማል። ቃሬዛችን ሞተሪኖ የለውም፣ ዲናሞ የለውም፣ ቺንጋም የለውም፤ ነገር ግን ቦሎ ጠይቆት የሚያውቅ የለምና እርስዎ በር ላይ አይቆምም።